ፉትቦሉ፣ ደንቡና ጋዜጣው

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ማታ ልጆቼን አስተኝቼ፣ እንደ ልማዴ ትንሽ ልጽፍ ኮምፒዩተሬ ፊት ልቀመጥ ስል በሩ ተንኳኳ። የመጡት ጎረቤቴ ናቸው። እዚህ ሬኒየር ቫሊ፣ ከኦቴሎ ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ መንገድ ላይ፣ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ጎረቤቴ ታክሲ ይነዳሉ። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ስሜን ትተው ‹‹ኢንጂነር›› ይሉኛል። ኢንጂነር ከሆንኩ ደግሞ የማላውቀው ነገር የለም ብለው ያምናሉ።

‹‹ኢንጂነር፣ ጋዜጣ የምታነበው አንተ ነህና አንድ ነገር ልጠይቅህ›› አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ፉትቦል ይጫወታል። እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ ሳይሆን ያንን የራስ ቁር የሚደረግበትን፣ እሳቸው ‹‹መላተም›› የሚሉትን ጨዋታ ማለቴ ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ከኮሌጆች ደብዳቤ መምጣት ጀምሯል። የታክሲያቸው ካምቢዮ ደግሞ ሰሞኑን ተበላሽቶ ቆሟል። ዘወትር ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያመላልሷቸው አንድ ደንበኛ አሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን የድሮ ተማሪና የፉትቦል ቡድኑ የሀስኪስ የረጅም ጊዜ ደጋፊ ናቸው። እኒህ ሰው ይህን ሲሰሙ ‹‹4 ሺህ ዶላር ላበድርህ፣ ሲመችህ ትመልስልኛለህ›› አሏቸው። ጎረቤቴ ደስ ብሏቸው ቤት ሲገቡ ልጁ ጮኸ፤ ‹‹አባዬ፣ ጋዜጣ ላይ ልታወጣኝ ነው!››

‹‹ብድር እኮ ነው ኢንጂነር። ተበድሮ መመለስ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?››

ያን ማታ የነገርኳቸውን ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጽፈው ወደድኩ፤ ልጆቻችን በየትምህርት ቤቱ ቡድን እየገቡ ነውና። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የቤቱን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ የሚባለው ማኅበር ነው። መንግሥት አይደለም፤ ኮሌጆቹ ራሳቸው አባል የሆኑበት የግል ማኅበር ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት የደንቡ ምሰሶ አንድ ሐሳብ ነበር፦ ተጫዋቹ ተማሪ ነው፣ ከስኮላርሺፑ ውጪ በኳስ ችሎታው ምክንያት ምንም ጥቅም ማግኘት የለበትም። በሌላ ወገን ግን ስታዲየሙ 70 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል፣ ቴሌቪዥኑ ይከፍላል፣ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ከፍተኛውን ደመወዝ የሚያገኘው የመንግሥት ሠራተኛም ገዥው ሳይሆን የኮሌጅ ቡድን አሠልጣኝ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ በሚፈስበት ቤት ውስጥ ‹‹አንተ ብቻ እጅህን አትዘርጋ›› የሚባል ሰው ካለ፣ በጓሮ በር የሚሰጥ ሰው መገኘቱ አይቀርም። ያ ሰጪ ‹‹ቡስተር›› ይባላል፤ ደጋፊ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቡድኑን የሚወድ ሀብታም ነው።

ኤንሲኤኤ ፖሊስ ስላልሆነ ማንንም አስገድዶ ለምስክርነት መጥራት አይችልም። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ካልተናገረ፣ ተጫዋቹም ዝም ካለ፣ መርማሪው ባዶ እጁን ይቀራል። ጋዜጣው የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን የሕዝብ ተቋም በመሆኑ፣ ከ1972 ጀምሮ ባለው የክፍለ ግዛቱ ሕግ መሠረት ጋዜጠኛም ሆነ እኔና እናንተ ሰነድ መጠየቅ እንችላለን። የፍርድ ቤት መዝገብም በአብዛኛው ክፍት ነው። ከአገራችን ልማድ ጋር ስታነጻጽሩት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ብድሩ። ሀስኪስ በ1991 የውድድር ዘመን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በሮዝ ቦውል ሚሺጋንን 34 ለ 14 አሸንፎ የአገሪቱን ሻምፒዮንነት ከማያሚ ጋር ተካፈለ። አሠልጣኙ ዶን ጄምስ ከ1975 ጀምሮ ቡድኑን የመሩ፣ በከተማው እንደ አባት የሚታዩ ሰው ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ኖቬምበር ላይ፣ ቡድኑ ስምንት ጨዋታ አከታትሎ አሸንፎ ሳለ፣ ሲያትል ታይምስ አንድ ዜና ይዞ ወጣ። ኳርተርባኩ ቢሊ ጆ ሆበርት ከአንድ የአይዳሆ ሰው በሦስት ጊዜ በድምሩ 50 ሺህ ዶላር ተበድሯል የሚል ነው። አበዳሪው የኑክሌር መሐንዲስ መሆናቸውን ሳነብ ትንሽ አፈርኩ፤ የሙያ ወንድም ናቸው። ልጁ ገንዘቡን በጥቂት ወራት ውስጥ በመኪናና በመሳሰለው ጨረሰው።

ተበድሮ ማባከን ወንጀል አይደለም። እንኳን በአሜሪካ በየትም አገር አይደለም። ደንቡን ያስጣሰው የብድሩ ዓይነት ነው፤ መያዣ የለውም፣ የመመለሻ ጊዜ አልተቆረጠለትም፣ የታመነበትም ልጁ ወደፊት ፕሮፌሽናል ሆኖ በሚያገኘው ገንዘብ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ኳስ ባይጫወት ኖሮ ያንን ብድር ማንም አይሰጠውም ነበር። ጥያቄው ሁልጊዜ ይኸው አንድ ነው፦ ይህን ነገር ለማንኛውም ተማሪ ይሰጡት ነበር ወይ?

ዜናው በወጣ በሁለተኛው ቀን ሀስኪስ በአሪዞና 16 ለ 3 ተሸነፈ፤ 22 ጨዋታ የቆየው የድል ጉዞ ተቋረጠ። ሆበርት የመጫወት መብቱን አጣ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር፣ የጋዜጣ ሥራ እንዴት እንደሚሄድ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። አንድ በር ሲከፈት ሌሎች ጋዜጠኞችም ገቡ። ዲሴምበር ላይ ሎስ አንጀለስ ታይምስ በበኩሉ ሌሎች ውንጀላዎችን አወጣ፤ ደጋፊዎች ለተጫዋቾች ስለሰጡት የሰመር ሥራና ስለመሳሰለው። ከዚያ በኋላ ያን ጊዜ ፓክ-10 ይባል የነበረው የምዕራብ ኮሌጆች ሊግ መረመረ። በኦገስት 22 ቀን 1993 ፍርዱ ተሰማ፦ ቡድኑ ለሁለት ዓመት ከቦውል ጨዋታ ታገደ፣ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የቴሌቪዥን ገቢ ተወሰደበት፣ ስኮላርሺፕ ተቀነሰበት። ዶን ጄምስ በዚያው ቀን ሥራቸውን ለቀቁ፤ ቅጣቱ ምንም ያላጠፉ ልጆችን የሚጎዳ ነው ብለው በመቃወም ነው የሄዱት። በ2013 ዐረፉ፤ ሐውልታቸው ዛሬ ስታዲየሙ አጠገብ ቆሟል። ከኦቴሎ ተሳፍረው ባቡር ሳይቀይሩ ዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ጣቢያ ሲወርዱ ሊያዩት ይችላሉ።

መሥሪያ ቤቴ ውስጥ አንድ አንጋፋ ባልደረባ አለኝ፤ ያን ጊዜ ተማሪ የነበረ ነው። ከ1992 ጀምሮ ሲያትል ታይምስን በገንዘቡ ገዝቶ አያውቅም። ‹‹ሻምፒዮናችንን የገደለው ጋዜጣው ነው›› ይላል። ‹‹ጋዜጣው ያበደረው ነገር አለ?›› ስለው ይስቃል፤ ግን አሁንም አይገዛም። ከዚህ ሰው ጋር ስከራከር እኛ አበሾች ብቻ አይደለንም እላለሁ። ቤት ሲቃጠል ‹‹እሳት!›› ብሎ የጮኸውን ሰው የሚጣላ በሁሉም አገር አለ።

ሁለተኛው ታሪክ የወረቀት ታሪክ ነው። በ1999 የተቀጠሩት አሠልጣኝ ሪክ ኒውሃይዝል ቡድኑን በጃንዋሪ 2001 እንደገና ለሮዝ ቦውል ድል አበቁት። በፌብሩዋሪ 2003 ግን ከሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ጋር ስለ ሥራ እየተነጋገሩ አይደለም ብለው ካዱ። የዕድል ነገር ሆኖ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ በስልክ ሲያወሩ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው የሲያትል ፖስት ኢንተለጀንሰር የስፖርት አምደኛ ነበር። ቆይተው አመኑ። በዚያው ዓመት ጁን ወር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ በኮሌጅ ባስኬትቦል ውድድር ላይ ከጎረቤትና ከወዳጅ ጋር ገንዘብ እየተዋጣ በሚደረግ ጨዋታ ገብተው ከ10 ሺህ ዶላር በላይ አግኝተዋል ተባለ። የኤንሲኤኤ መርማሪዎች ሲጠይቋቸው መጀመሪያ አልተሳተፍኩም አሉ፤ በዚያው ቀን ግን ቃላቸውን ቀይረው አመኑ። ዩኒቨርሲቲው አባረራቸው።

የሰሞኑ ጋዜጣ ቁማርተኛና ዋሾ አድርጎ ሣላቸው። ትንሽ ቆይቶ አንድ ማስታወሻ ወጣ። የዩኒቨርሲቲው የራሱ የደንብ ተቆጣጣሪ ለሠራተኞች በጽሑፍ ያሰራጨችው ነው፤ ከግቢው ውጪ በሚደረግ እንዲህ ባለ ውርርድ መሳተፍ ይፈቀዳል የሚል። ማስታወሻው የተሳሳተ ነበር፤ ግን ተጽፏል። ኤንሲኤኤም በ2004 ደንቡ ተጥሷል ሲል፣ በዚያ ወረቀት ምክንያት አሠልጣኙን ሳይቀጣ ቀረ። እሳቸውም ሁለቱንም ከሰሱ፤ ማርች 2005 ላይ ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ 4.5 ሚሊዮን ዶላር አገኙ፤ 2.5 ሚሊዮኑን ኤንሲኤኤ ከፈለ፣ ዩኒቨርሲቲው 500 ሺህ ከፍሎ የ1.5 ሚሊዮን ብድር ተወላቸው። (ለአሠልጣኙ ብድር ይፈቀዳል፣ ልብ በሉ።)

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልበል። የአሜሪካ ጋዜጣ ሲጽፍ ‹‹ተባለ››፣ ‹‹ተጠረጠረ››፣ ‹‹ተወነጀለ››፣ ‹‹ተረጋገጠ›› የሚሉትን ነጣጥሎ ነው የሚያስቀምጠው፤ ጠበቃው ቃል በቃል ያየዋል። ኤንሲኤኤ ለዩኒቨርሲቲ የሚልከው የመጀመሪያው ደብዳቤ የውንጀላ ደብዳቤ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ መልስ ይሰጥበታል፣ ሸንጎ ይሰማዋል። ይህ ሁሉ እኛ ሠፈር ቡና ላይ ሲደርስ አንድ ቃል ይሆናል፦ ‹‹በላ›› እንላለን፤ አለቀ። ዜናው በወጣ ቀን ሁላችንም እንሰማለን፤ በዓመቱ ስለ ማስታወሻው ሲወጣ ግን ያነበበው ስንቱ ነው?

ሦስተኛው ታሪክ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው፤ እኔም በቦታው ነበርኩና። በጀርመን አገር ምሕንድስና ተምሬ ሲያትል የመጣሁት በ2007 ነው። እንግሊዝኛዬን ለማሻሻል ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ እገዛ ነበር። በጃንዋሪ 2008 ሲያትል ታይምስ ኬን አርምስትሮንግና ኒክ ፔሪ የጻፉትን ተከታታይ ጽሑፍ ማውጣት ጀመረ። ስለዚያ ስለ 2000ው ድል አድራጊ ቡድን ነው። የፖሊስ፣ የፍርድ ቤትና የዩኒቨርሲቲ ሰነዶችን ገልብጠው ያገኙት ነገር፣ ከዚያ ቡድን ቢያንስ ሁለት ደርዘን ተጫዋቾች ዩኒቨርሲቲ በነበሩበት ጊዜ ታስረው ወይም ተከሰው እንደነበር ነው። ከጉዳዮቹ አንዳንዶቹ ከባድ ናቸው፤ በሴቶች ላይ የደረሰ ግፍ አለበት። ልጆቹ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወቱ ነበር።

ልብ ያልኩት ነገር ይህ ነው። በ1993 ቡድኑ የተቀጣው በብድርና በሰመር ሥራ ነው። በ2003 አሠልጣኙ የተባረሩት በባስኬትቦል ውርርድና በዋሹት ውሸት ነው። ተጫዋች ሰው ቢደበድብ ግን የሕግ ጉዳይ እንጂ የኤንሲኤኤ ደንብ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ‹‹የደንብ ጥሰት›› የሚል ርዕስ አያወጣም፤ የቦውል እገዳም አያመጣም። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ነገር በየቀኑ በትንሽ ዜና አልፏል፤ በአንድ ላይ ተደርድሮ ሲታይ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ግን ሰባት ዓመት ወሰደ። በሙያዬ የምናውቀው ነገር ነው፤ መለኪያው የተሠራለትን ብቻ ነው የሚለካው። ግፊት መለኪያ ሙቀትን አይነግርህም።

ብዙ አንባቢ ያን ጊዜ ተቆጣ፤ ‹‹የሞተ ነገር ለምን ትቆፍራላችሁ?›› አለ። ሁለቱ ጋዜጠኞች በ2010 በመጽሐፍ አወጡት፤ በ2011 ኤድጋር የተባለውን ሽልማት አገኘ። ተፎካካሪው ፖስት ኢንተለጀንሰር በማርች 2009 በወረቀት መታተሙን አቆመ። አንዱ ጋዜጣ ሌላውን ለመቅደም የሚሮጥበት ከተማ አሁን አንድ ትልቅ ዕለታዊ ጋዜጣ ብቻ ቀርቶታል። ሕግ ዋና ከሆነ፣ ሰነድ ገላባጭ ሲቀንስ ሊያሳስበን የሚገባ ይመስለኛል።

በፈረንጅ ብቻ እንዳንፈርድ የራሳችንንም አንርሳ። ጁን 16 ቀን 2013 ዋልያዎቹ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ሲያሸንፉ እዚህ ሬኒየር ቫሊ ያልጨፈረ የለም። ስልኩ ሳያባራ፣ በዚያው ቀን ፊፋ ሌላ ዜና አመጣ፤ ከሳምንት በፊት ቦትስዋና ላይ ባሸነፍንበት ጨዋታ ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ካርድ መቀመጥ ሲገባው ተሰልፏል። ሦስቱ ነጥብ ተወሰደብን፤ 13 የነበረው 10 ሆነ። ልጁ አጭበርባሪ አልነበረም፤ ካርድ መቁጠር የፌዴሬሽን የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አመነ። ቡድኑ በኋላ ማዕከላዊ አፍሪካን አሸንፎ ከምድቡ አለፈ እንጂ ነገሩ የከፋ ይሆን ነበር። እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው፤ ካርዱ የተሰጠው በአደባባይ፣ በስንት ጋዜጠኛ ፊት ነው፤ ከጨዋታው በፊት የቆጠረው ግን የለም። ከዙሪክ እስኪነገረን ጠበቅን።

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ቡናቸው ቀዘቀዘ። ‹‹ታዲያ አሁን ተከፈተ ይባላል እኮ፤ ልጆቹ ይከፈላቸዋል አሉ›› አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደላቸው፤ በጁን 2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው በየዓመቱ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ፣ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ለተጫዋቾቻቸው ማካፈል ይችላሉ። የሆበርት 50 ሺህ ዛሬ በውል ቢመጣ ዜና አይሆንም ነበር። ግን ደንቡ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ቦታ ቀየረ። ከሦስተኛ ወገን የሚመጣ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ውል መመዝገብ አለበት፤ የሚታየውም እውነተኛ ንግድ ነው ወይስ በንግድ ስም የተሰጠ ስጦታ ነው ተብሎ ነው። ‹‹ሲመችህ ትመልሳለህ›› ንግድ አይደለም።

አዲሱ ዘመን ክስና ወሬ እንዳልቀነሰም አይተናል። በጃንዋሪ 8 ቀን 2024 ሀስኪስ ለሻምፒዮናው ደርሶ በሚሺጋን 34 ለ 13 ሲሸነፍ፣ እኒሁ ጎረቤቴ ሳሎን ሆነን ነው ያየነው። በዚያ ወቅት ስለ ሚሺጋን የሚወራው የሌላውን ቡድን ምልክት ሰረቁ የሚል ነበር። ያን ማታ ‹‹ሌቦች›› ያላለ ሰው በቤቱ ውስጥ አልነበረም፤ እኔም ጭምር። በነገራችን ላይ በጨዋታ መሐል የተቃራኒን ምልክት አይቶ መገመት ደንቡ አይከለክልም። የተከለከለው ወደፊት የምትገጥመውን ቡድን ጨዋታ በአካል ሄዶ መሰለል ነው። ፍርዱ የመጣው በኦገስት 2025 ነው፤ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቅጣት ተጣለ፣ ዋንጫው ግን አልተነጠቀም። ዝርዝሩን ለጎረቤቴ ስነግራቸው ‹‹ያን ማታ ለምን አልነገርከኝም?›› አሉኝ። አላነበብኩማ! እንደማንም ሰው ርዕሱን ብቻ ነበር ያየሁት።

ወደ ካምቢዮው ልመለስ። ምክሬ ሁለት ነበር። ሰውየውን በአክብሮት አመስግነው ‹‹አይሆንም›› እንዲሏቸው፤ ክፋት አስበው ላይሆን ይችላል፣ ግን ስለ ልጁ ጨዋታ በየጉዞው እየጠየቁ ብድር ማቅረባቸው ጋዜጣ ላይ ሲጻፍ እንዴት እንደሚነበብ ራሳቸውም ያውቃሉ። ሁለተኛው፣ ወደ ልጁ ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍል ኃላፊ ሄደው ጠይቀው፣ መልሱን በጽሑፍ እንዲቀበሉ። በቃል የተነገረ ነገር ማንንም አላዳነም፤ አሠልጣኙን ያዳነው የተሳሳተም ቢሆን ወረቀት ነው።

ገንዘቡ ከዕቁብ ተገኘ። የዕቁቡ ዳኛ ነገሩን ለአባላቱ አስረዱና፣ የሳምንቱ ዕጣ የወጣላቸው ሰው ተራቸውን ለቀቁላቸው። ታክሲው በአራተኛው ቀን መንገድ ገባ። ልጁ ግን አሁንም አላረፈም፤ ‹‹ዕቁቡስ?›› አለ። አባትና ልጅ ኃላፊዋ ዘንድ ሄደው ሲነግሯት ሴትዮዋ ዕቁብ ምን እንደሆነ አታውቅም። ‹‹ብዙ ሰው በየሳምንቱ ገንዘብ አዋጥቶ ለአንድ ሰው ይሰጣል›› ብለው በታክሲ እንግሊዝኛ ሲያስረዷት ፊቷ ተለዋወጠ አሉ። እውነትም እንዲያ ሲሉት ያስደነግጣል።

ስለዚህ በማግሥቱ ማታ ተቀምጬ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ ዕቁብ ምን እንደሆነ፣ ጎረቤቴ አባል የሆኑት ልጁ ገና ከመወለዱ በፊት እንደሆነ፣ የወሰዱት የራሳቸውን ተራ እንደሆነ፣ ከአባላቱ አንዱም የሀስኪስ ደጋፊ ሆኖ እንዳልተመዘገበ። ይህችን የመጨረሻዋን ለማረጋገጥ አሥራ ስምንት ሰው ጋር ደወልኩ። አንደኛው የሀስኪስ ኮፍያ እንዳለው አምኗል። ኃላፊዋ አንብባ፣ ብድሩ ባለመወሰዱና ዕቁቡ ከልጁ ጨዋታ ጋር ባለመያያዙ ችግር እንደማታይ በጽሑፍ መልስ ሰጠች፤ ፈረመችበት። ጎረቤቴ ወረቀቱን ይዘው መጥተው ሁለት ኮፒ እንዳነሣላቸው ጠየቁኝ፤ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለታክሲው ኪስ።